ኮሮላ ዳገት ላይ ሲረገጥ ይቆራርጣል፤ የቤንዚን ፓምፕ ነው ወይስ ሌላ?

ሽቅብ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው የ2003 ኮሮላ ነው፤ 1.8፣ ዋን ዜድ ዜድ ሞተር። ከተማ ውስጥ ምንም አይልም። ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ ግን በሦስተኛ ማርሽ ሙሉ በሙሉ ከተረገጠ ከ4,000 ዙር በላይ ይቆራርጣል፤ እግር ሲነሳለት ይስተካከላል። ቤንዚኑ ሩብ ሲደርስ ኩርባ ላይም ይጀምረዋል። ካንዴላው አዲስ ነው፤ የመኪናው ኮምፒውተር ያወጣው የብልሽት ኮድ ፒ0171 ነው። ፓምፕ ቀይር ተብያለሁ። ከመግዛቴ በፊት ምን ላስለካ?

የጋራዥ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ሳይለካ ፓምፕ አይገዛም። ኮዱ የሚለው ቤንዚኑ ከአየሩ አንሷል ነው፤ ለምን እንዳነሰ አይናገርም። የቆሸሸ ማፍ ሴንሰርም (የሚገባውን አየር የሚለካው) ያንኑ ኮድ ያወጣል።

የቤንዚን መስመሩ ላይ ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) አስገጥም። መጀመሪያ የፓምፑን ሶኬት ነቅለህ ሞተሩ እስኪጠፋ አስነሳው፤ መስመሩ የሚፈታው ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብ ተቀምጦ ነው። ትክክለኛው ግፊት ከ44 እስከ 50 ፒኤስአይ ነው። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) 47 ቢያሳይህ ግን እንዳትረካ፤ በዚያ ዙር ሞተሩ የሚፈልገው ጥቂት ስለሆነ የደከመ ፓምፕም ይችለዋል። ችግሩ የሚታየው ጭነት ላይ ነው። ረጅም ቱቦ ያለውን ማኖሜትር በኮፈኑ በኩል አውጥተህ የፊት መስታወቱ ላይ ከውጭ እሰረው (ቤንዚን ያለበት ቱቦ ጋቢና አይገባም)። አንዱ ይንዳ፣ ሌላው ያንብብ። ዙሩ ሲጨምር መርፌው እየወረደ ከሄደ አቅርቦቱ ነው። ሳይወርድ ከቆራረጠ ፓምፑን ተወውና ኢንጀክተር (ቤንዚን የሚረጨውን)፣ ማፍና ኮይል (ለካንዴላ እሳት የሚሰጠውን) ፈትሽ።

ባለ ቮልቲሜትር፦
ግፊት ወረደ ማለትም ፓምፑ ሞተ ማለት አይደለም። ከኋላ ወንበር ስር ያለውን የፓምፕ ሶኬት ሳትነቅል፣ ሞተሩ እየሠራ ከጀርባው ቮልቱን ለካ። ከባትሪው ጋር ያለው ልዩነት ከግማሽ ቮልት ካለፈ ሪሌዩን (የፓምፑን ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋውን)፣ የሶኬቱን ፒንና ማሳውን (ከቦዲው ጋር የሚታሰረውን ሽቦ) አጽዳ። ዲናሞው 14 እየሰጠ ፓምፑ ጋ 11.5 ከደረሰ አዲስ ፓምፕ ብትገዛም ያው ነው።

ሲቆራርጥ ቆመህ የታንኩን ክዳን ክፈት። አየር በኃይል ወደ ውስጥ ስቦ መኪናው ለጥቂት ጊዜ ከተስተካከለ የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኗል።

ሽቅብ፦
አመሰግናለሁ። ሚኒሞ ላይ 46፣ ዳገት ላይ 33። ቮልት፦ ባትሪ 13.9፣ ሶኬት 13.6። ክዳኑ ሲከፈት ምንም ድምፅ የለም።

የጋራዥ ልጅ፦
ኤሌክትሪኩና መተንፈሻው ነጻ ናቸው። የቀሩት ወንፊቱ (ፓምፑ ቤንዚን የሚስብበት)፣ ፊልትሮውና ፓምፑ ናቸው፤ ሦስቱም ታንኩ ውስጥ አብረው ነው ያሉት። እኔ ወንፊቱን ነው የምጠረጥረው፤ ፓምፑ ዙሪያ ቤንዚን የሚይዝ ሳህን ስላለ ሩብ ላይ ተራ ኩርባ ሊያስርበው አይገባም። ታንኩ ከግማሽ በታች ሲሆን ክፈተው። ወንፊቱ ጭቃ ከያዘ ወይም ከጠቆረ እሱንና ፊልትሮውን አንድ ላይ ቀይር፤ የታንኩንም ወለል ጥረግ፣ አለዚያ አዲሱም በአጭር ጊዜ ይደፈናል። ወንፊቱ ንጹሕ ከሆነ ፊልትሮውን ቀይረህ ዳገቱ ላይ ድጋሚ ለካ፤ ያኔም ከወረደ ፓምፑን ቀይር። የፓምፑ ክዳን ጎማ አዲስ ይሁን፤ አሮጌው ቤንዚን ያሸታል። ከዚያ ኮዱን አጥፍተህ ያንኑ ዳገት በማኖሜትር ድገመው፤ ከ44 በታች መውረድ የለበትም።