ለሚረርለስ ካሜራና ለሦስት ሌንስ የሚበቃ ትንሽ ቦርሳ በምን ይመረጣል?

የእግር_መንገደኛ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ቀኑን ሙሉ በእግር እየዞርኩ ለማነሳበት ጊዜ የሚሆን ትንሽ ቦርሳ እየፈለግኩ ነው። የምይዘው ካኖን አር6 ማርክ 2 የተባለ ሚረርለስ (ውስጡ አንጸባራቂ መስታወት የሌለው) ካሜራ፣ ከሌንስ ደግሞ አርኤፍ 24-105 ኤፍ/4 ኤል፣ አርኤፍ 70-200 ኤፍ/4 ኤል እና አርኤፍ 50 ኤፍ/1.8 ነው። ሁለት ትርፍ ባትሪ፣ ካርዶች፣ የአቧራ መንፊያና የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅም አለ።

ዓይኔ ያረፈው በአንድ ትከሻ በሚነገቱት ስሊንጎች ላይ ነው። ሁለቱ ላይ «6 ሊትር» የሚል ተጽፏል፤ ቅርጻቸው ግን ጨርሶ አይገናኝም። አንዱ ቁመታም ነው፣ ሌላው ጎኑ ረጅም ሆኖ ስስ ነው። ታዲያ ሊትሩ ምን ይነግረኛል? ካሜራው ሌንስ እንደተገጠመለት መግባት አለበት፤ በየጊዜው እየፈታሁ የምከተው ከሆነ አይጠቅመኝም። ሌላው፣ የጨርቁንና የዚፑን ጥራት በምን ልለየው?

ሌንስ_ጠጋኝ፦

ሊትሩን ይተዉት። ሊትር የሦስት ልኬቶች ብዜት ስለሆነ የትኛው ጎን እንደሚጠብብዎት አይነግርዎትም። ውስጡ 25.5 በ12 በ20 ሴንቲሜትር የሆነ ቦርሳ 6.1 ሊትር ነው። ውስጡ 34 በ10 በ18 የሆነውም 6.1 ሊትር ነው። የእርስዎ ካሜራ ወርዱ 138.4፣ ቁመቱ 98.4 ሚሊሜትር ነው። በመጀመሪያው ቦርሳ ተንፈስ ብሎ ይቀመጣል። በሁለተኛው 10 ሴንቲሜትር ላይ 98.4 ሚሊሜትር ሲገባ የሚቀረው 1.6 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ግድግዳው ካሜራውን አናቱ ላይ ይጫነዋል፣ መዘውሮቹ ሳይፈልጉ ይዞራሉ፣ ሲያወጡትም ገበሩን ይዞ ይመጣል።

ከዚህ ሌላ ሻጮች የሚጽፉት ብዙ ጊዜ የውጭውን ልኬት ነው። ግድግዳው 1 ሴንቲሜትር ስፖንጅ ካለው ከእያንዳንዱ ልኬት 2 ሴንቲሜትር ይቀንሱ። የውስጥ ልኬት ያልተጻፈበትን ቦርሳ ሳይለኩ አይግዙ።

አሁን ወደ ዕቃዎ። 24-105 ርዝመቱ 107.3፣ ውፍረቱ 83.5 ሚሊሜትር ነው። ካሜራው ላይ ሲገጠም ከቪውፋይንደሩ (በዓይን ከሚታይበት መስኮት) ጎማ እስከ ሌንሱ ጫፍ ወደ 17 ሴንቲሜትር ይጠጋል፤ ክዳኑን አድርገው በራስዎ ሜትር ያረጋግጡ። ሁዱን (ሌንሱ አፍ ላይ የሚታሰረውን የብርሃን መከላከያ) ገልብጠው ካሰሩት ርዝመቱ ብዙም አይቀየርም፣ ውፍረቱ ግን 1 ሴንቲሜትር ገደማ ይጨምራል። ሰው የሚረሳው ይቺን ናት። ሌንሱን ባዶውን ለክቶ ይገዛል፣ ሁድ ሲጨመር መከፋፈያው ይጣመማል።

አቀማመጡ ሌንሱ ወደ ታች፣ መያዣው ወደ ቀኝ እጅዎ ይሁን። እጅዎ ሲገባ በቀጥታ መያዣውን ያገኛል። ነገር ግን የሌንሱ አፍንጫ የቦርሳውን ወለል መንካት የለበትም። ከነካ፣ ቦርሳውን ዱብ ባደረጉ ቁጥር ምቱ በሌንሱ ቱቦ ሽቅብ ሄዶ ማውንቱ (ሌንሱ ከካሜራው የሚገጠምበት ቀለበት) ላይ ያርፋል። የፊልተር ቀለበት የሚጎብጠውና ማውንቱ ላይ ያሉት ብሎኖች የሚላሉት በዚህ መንገድ ነው። ሁለት መከፋፈያዎችን ከሌንሱ ግራና ቀኝ አቁመው የካሜራው ቦዲ በጫፎቻቸው ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ፤ ከሌንሱ በታች ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር ክፍት ይቅር። ትክክል መሆኑን ለማወቅ አንድ ወረቀት ከሌንሱ ስር ያስገቡና ይሳቡት፤ ሳይያዝ መውጣት አለበት። ስለዚህ ለካሜራው ክፍል የሚያስፈልገው ወርዱ 15፣ ከፊት ወደ ኋላ 11 ወይም 12፣ ጥልቀቱ 19 ሴንቲሜትር ነው።

በዚህ አቀማመጥ ሌንሱ ከቦዲው ስለሚቀጥን ከመያዣው በታች ባዶ ቦታ ይተርፋል። መንፊያውና ጨርቁ እዚያ ይገባሉ።

ሁለቱም ዙሞች (24-105 እና 70-200) መቆለፊያ አላቸው። ከመክተትዎ በፊት ወደ አጭሩ ጫፍ መልሰው ይቆልፉ፤ አለበለዚያ 24-105 በእርምጃው ንቅናቄ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርድና የተውነውን 1 ሴንቲሜትር ይበላዋል።

ስፌትና_ሸራ፦

ስለ ጨርቁ እኔ ልመልስ። «1000ዲ»፣ «1680ዲ» የሚለው ቁጥር የክሩ ውፍረት ነው፤ 9000 ሜትር ክር ስንት ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ቁጥሩ ብቻውን ጥንካሬን አይናገርም፣ ምክንያቱም 500ዲ ናይለን ከ600ዲ ፖሊስተር በመፋተግ የተሻለ ሊቆይ ይችላል። መጀመሪያ ናይለን ነው ወይስ ፖሊስተር ብለው ይጠይቁ፣ ከዚያ ቁጥሩን ይዩ። ለትንሽ ስሊንግ ከ420ዲ እስከ 500ዲ ናይለን በቂ ነው፤ ከዚያ ሲወፍር ክብደቱን እርስዎ ነዎት የሚሸከሙት።

ቦርሳውን ይገልብጡና የጨርቁን የውስጥ ፊት ለማየት ይሞክሩ። ውሃ የሚከለክለው ሽመናው ሳይሆን ከኋላው የተቀባው ነገር ነው። አብዛኛው ፖሊዩሬቴን ነው፤ እሱ ደግሞ እርጥበት ባለበት ዓመታት ሲያስቆጥር ይፈርሳል፣ እንደ ማር ይጣበቃል፣ ይላላጣል። ያገለገለ ቦርሳ ሊገዙ ከሆነ ኪሶቹን ሁሉ ከፍተው በጣትዎ ይዳብሱ። የሚጣበቅ ወይም የቆየ ዘይት የሚሸት ከሆነ ይተዉት፤ ታጥቦ የሚለቅ ነገር አይደለም።

ዚፑ ላይ ቁጥር ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከተንሸራታቹ ጀርባ ይገኛል። 5፣ 8፣ 10 የሚሉት ሲዘጋ ያለውን የጥርሱን ወርድ በሚሊሜትር ወደዚያ ገደማ ይነግራሉ። ለዋናው አፍ ከ8 አይነስ፣ ለኪስ 5 ይበቃል። በጎማ የተሸፈነው ዚፕ ዝናብን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም፤ ውሃው በስፌቱ ቀዳዳና በዚፑ ጫፍ ይገባል። የዝናብ ልብስ ከቦርሳው ጋር ከሌለ ለብቻው ይያዙ። ዚፑን ሲሞክሩ ደግሞ ማዕዘኑ ላይ በአንድ እጅ ብቻ ይሳቡት። ቀጥታው ላይ ሁሉም ዚፕ ጥሩ ነው፤ የሚያስቸግረው ጥምዝ ላይ ነው። እዚያ ከተንገራገጨ ዕቃ ሲሞላ ጭራሽ ይብሳል።

ቀጥሎ ማንገቻው ከቦርሳው የተሰፋበት ቦታ። እዚያ አራት ማዕዘን ስፌት መሐሉ ላይ መስቀል ተሠርቶበት ወይም ተመላልሶ የታጨቀ ዚግዛግ ማየት አለብዎት። አንድ መስመር ቀጥታ ስፌት ብቻ ከሆነ ከ3 ኪሎ በላይ የሆነ ዕቃ ከእያንዳንዱ እርምጃ ጋር እየጎተተ ክሩን ያላላዋል፤ መጀመሪያ የሚበጠሰው የዳሩ ክር ነው። የማንገቻው ጫፍ ወደ ጨርቁ መጋጠሚያ ውስጥ ገብቶ ከተሰፋ ይሻላል፤ ላዩ ላይ ብቻ ከተለጠፈ ጨርቁን ይዞ ይቀደዳል።

ስፖንጁን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ይዘው ለ10 ሰከንድ ይጫኑት። ጣቶችዎ የሚገናኙ ያህል ከሆነ ዕቃ ሲወድቅም እንደዚያው ነው የሚሆነው። ደህናው ስፖንጅ ይገፋል፣ ሲለቁትም ወዲያው ይመለሳል። ለግድግዳ 8 ሚሊሜትር፣ ለወለል ከ12 በላይ ካገኙ ጥሩ ነው። ወለሉን በተለይ ይዳብሱ! አንዳንዱ ቦርሳ ጎን ጎኑን አሳምሮ ይሸፍንና ወለሉ ላይ ካርቶን ያህል ነገር ብቻ ያስቀምጣል፤ ቦርሳ ደግሞ የሚቀመጠው በወለሉ ነው።

ቀላል_ጓዝ፦

ልኬቱና ጨርቁ ጥሩ ተብሏል፤ እኔ ግን ክብደቱ ላይ ልቆም። ካሜራው ከባትሪና ካርዱ ጋር 670 ግራም፣ 24-105 700፣ 70-200 695፣ 50ው 160፤ ድምሩ 2,225 ግራም። ሁለቱ ባትሪዎች 160 ገደማ፣ ቦርሳው ራሱ 800 ቢሆን 3.2 ኪሎ ገባ። ይህን በአንድ ትከሻ ለሁለት ሰዓት ይችሉታል፤ ቀኑን ሙሉ ግን አይመከርም። ማንገቻው ወርዱ 5 ሴንቲሜትር ቢሆንም ጫናው ያው በአንድ ወገን ነው፤ ሰውነት ሳያውቀው ያንን ትከሻ ከፍ አድርጎ ስለሚይዝ አንገት ይደነድናል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚወሰነው የቦርሳው ዓይነት ሳይሆን 70-200 ይወጣል ወይስ ቤት ይቀራል የሚለው ነው። ከቀረ 2.5 ኪሎ ይሆናል፣ ስሊንግ ያለችግር ይበቃል፤ ውስጡም 24 በ12 በ19 ቢሆን ይበቃዎታል። 50ው ውፍረቱ 69.2፣ ርዝመቱ 40.5 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ 8 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ክፍል ውስጥ ይገባል፣ ከስሩም ባትሪዎቹን ያስቀምጡበታል። ሦስቱም ሁልጊዜ የሚወጡ ከሆነ ግን ስሊንጉን ይተዉትና በሁለት ትከሻ የሚታዘል፣ በጎን በኩል የሚከፈት የጀርባ ቦርሳ ይውሰዱ። ወይም ያለዎት የጀርባ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ስፖንጃም መያዣ ብቻ ይግዙ፤ ከውጭ ሲታይ ካሜራ ያለበት አይመስልም፣ ሌላ ቀን ደግሞ አውጥተው ቦርሳውን ለሌላ ነገር ይጠቀሙበታል። ጉድለቱ በፍጥነት ማውጣት አለመቻሉ ነው።

የስሊንግ ክዳን ወዴት እንደሚከፈት ይዩ። ቦርሳውን ወደ ፊት ሲያዞሩት ክዳኑ ከሰውነትዎ ወደ ውጭ የሚወድቅ ከሆነ አፉ ወደ እርስዎ ይሆናል። ወደ ሰውነትዎ የሚከፈት ከሆነ በየጊዜው ክዳኑን በክንድዎ ገፍተው ነው እጅዎን የሚያስገቡት። በማግኔት ብቻ የሚዘጋውን አልወደውም፤ ጎንበስ ሲሉ ይከፈታል። (ማግኔቱ ካርዱን ያጠፋብኛል ብለው ከሆነ አይስጉ፤ ሜሞሪ ካርድ በማግኔት አይጽፍም።)

ከመግዛትዎ በፊት አንድ ሰዓት ይስጡትና በካርቶን ይሞክሩት። ሌንስ_ጠጋኝ በሰጠዎት ልኬት ካርቶን ቆርጠው በፕላስተር ያያይዙ፣ መከፋፈያዎቹንም ከካርቶን ይሥሩ፣ ዕቃውን ከተው ካሜራውን በአንድ እጅ አሥር ጊዜ ያስገቡ ያውጡ። የት እንደሚነካካ ያኔ ያዩታል። ከዚያ ያንን ካርቶን ሻጩ ጋር ይዘው ይሂዱና ቦርሳው ውስጥ ይክተቱት።

የእግር_መንገደኛ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ካርቶኑን ሠርቼ ሞከርኩት። 70-200 ቤት እንዲቀር ወስኛለሁ፤ ቁመታሙን 6 ሊትር መርጫለሁ፣ ውስጡ 25 በ12 በ20 ነው። ስሱ ውስጥ ካርቶኑ ራሱ አልገባም። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ካሜራውን አጥፍቼ ቦርሳውን ሳነቃንቅ ከውስጡ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ስፖንጅ ልጨምር? ደግሞ ሌሊት ዕቃውን ቦርሳው ውስጥ ትቼ ማደር ይቻላል?

ሌንስ_ጠጋኝ፦

ድምፁ የሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ነው። በዚህ ካሜራ ውስጥ ሴንሰሩ የእጅ መንቀጥቀጥን ለመመለስ ተንሳፍፎ እንዲቆም የተሠራ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ የሚይዘው ስለሌለ ትንሽ ይወዛወዛል። ሲያበሩት ድምፁ ከጠፋ ጤናማ ነው፤ ስፖንጅ አይጨምሩ፣ ቦታ ያጠብብዎታል። ካሜራው በርቶ ሳለም የሚንኳኳ ከሆነ ግን ለባለሙያ ያሳዩት።

ከመክተትዎ በፊት ማጥፊያውን በእርግጥ ያጥፉ። በርቶ ከገባ የቪውፋይንደሩ የዓይን ዳሳሽ ገበሩን እንደ ፊት ቆጥሮ ማሳያውን ይቀሰቅሰዋል፣ ባትሪው ሳይነሳበት ያልቃል። ስክሪኑንም ፊቱን ወደ ቦዲው አዙረው ያጥፉት፤ የዚፕ መሳቢያ የሚጭረው እሱን ነው።

ለአንድ ሌሊት ምንም አይሆንም። ለሳምንታት ግን አይተዉት፣ በተለይ ዝናብ ከነካው በኋላ። ስፖንጅና ገበር እርጥበትን ይዘው ስለሚቆዩ፣ አየሩ ከ60 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ ሲሰነብት ሻጋታ የሌንስ መስታወት ላይ ይበቅላል፤ ሽፋኑን ከበላው ቢጠረግም ጠባሳው ይቀራል። ዕቃውን አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄልና ከትንሽ የእርጥበት መለኪያ ጋር ያስቀምጡት፤ መለኪያው ከ40 እስከ 50 በመቶ ያሳይ። ቦርሳውን ባዶውን፣ ዚፑ እንደተከፈተ ይስቀሉት።

ስፌትና_ሸራ፦

አንድ ነገር ልጨምር። መከፋፈያዎቹ ላይ ያለው ሻካራው ቬልክሮ የመጥረጊያ ጨርቁን ክር ይነቅላል፣ የተነቀለውም ክር ሌንሱ ላይ ይሰፍራል። ጨርቁን በትንሽ ዚፕ ባለው ላስቲክ ውስጥ ያድርጉት። ገበሩንም በወር አንዴ መከፋፈያዎቹን ሁሉ ነቅለው፣ ቦርሳውን ገልብጠው ያራግፉ፤ አሸዋው የሚጠራቀመው ወለሉ ማዕዘን ላይ ነው።

ቀላል_ጓዝ፦

ትርፍ ባትሪዎቹ ደግሞ ያለ ክዳን አይግቡ፤ ቁልፍ ወይም ሳንቲም ብረቶቹን ካገናኛቸው ይግላሉ። የካኖኑ ክዳን ላይ የባትሪ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ አለ፤ ክዳኑን በአንድ ወገን ሲያደርጉት በቀዳዳው ሰማያዊ ቀለም ይታያል፣ ሲያዞሩት አይታይም። የሞላውን ሰማያዊው እንዲታይ፣ ያለቀውን እንዳይታይ አድርገው ይክደኑ፤ ቦርሳውን ሲከፍቱ የትኛውን እንደሚያነሱ ወዲያው ያውቃሉ።