የቀበና ላይኛው ተፋሰስ የጋራ ፕሮፖዛል፦ በረቂቅ ሁለት ላይ የአባላት ውይይት

አስተባባሪ
ሰላም ለሁላችሁ። በረቂቅ አንድ ላይ የነበረው «የቀበናን ወንዝ ማጽዳት» የሚለው ርዕስ ወጥቷል። ቀበና ከእንጦጦ ወርዶ ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያም በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ የሚሄድ ወንዝ ነው፤ የአንድ ማኅበርና የጥቂት እድሮች አቅም አይበቃውም። በ2011 ይፋ የሆነው የሸገር ማስዋብ ፕሮጀክት እንኳ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ይዞ ሲነሳ ሥራው በዋናው ወንዝ ዳር ነው። እኛ የምንይዘው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ያለውን አንዱን ገባር ነው። ቦረቦሩ 160 ሜትር ይረዝማል፣ ስፋቱ በአማካይ 6 ሜትር፣ ቁልቁለቱ 8 በመቶ ነው። ክትሩ (ጎርፉን የሚያበርድ፣ ጋቢዮን በሚባል የሽቦ ሣጥን ድንጋይ ተሞልቶ የሚሠራ እርከን)፣ ፍሳሹና ተከላው በአንድ ሰነድ ይግቡ። እያንዳንዳችሁ በየዘርፋችሁ ቁጥር አስቀምጡ።

የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ
የክትሩን ስሌት እነሆ። ከፍታው ከመሬት በላይ 1 ሜትር ከሆነና ከኋላው የሚሞላው ደለል 3 በመቶ ቁልቁለት ይዞ እንደሚተኛ ብንወስድ፣ በሁለት ክትሮች መካከል 20 ሜትር ይበቃል። ስለዚህ ለ160 ሜትር 8 ክትር። የአንዱ ርዝመት 8 ሜትር ነው፦ 6 ሜትር ቦረቦሩ፣ ግራና ቀኝ ደግሞ አንድ አንድ ሜትር ወደ ዳገቱ ገብቶ የሚቀበር።

የአንዱ ክትር ድንጋይ፦ መሠረት 4 ሜትር ኩብ፣ አካል 8፣ ከፊቱ ውሃው የሚወድቅበት የድንጋይ ምንጣፍ 6፣ ከላይ ሁለቱ ክንፎች 2። በድምሩ 20 ሜትር ኩብ። ክንፎቹ የግማሽ ሜትር ሣጥን ሆነው መሐሉ 4 ሜትር ክፍት ይቀራል፤ ጎርፉ የሚያልፍበት ማስተንፈሻ እሱ ነው።

ሽቦው 2.7 ሚሊ ሜትር፣ ዓይኑ 8 በ10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ድንጋዩ ከ12 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር፤ ከዚያ ካነሰ በሽቦው ዓይን ሾልኮ ይወጣል። አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ሣጥን ሲሞላ በየሲሶው ፊትና ኋላውን የሚያያዝ ሽቦ ካልታሰረለት ሆዱ ይነፋል። ሠራተኛ ሲቸኩል የሚዘልለው ይህንኑ ነው።

የሃይድሮሎጂ ባለሙያ
ኢንጂነር፣ የማስተንፈሻው ስፋት እንደገና ይታይ። 4 ሜትር ስፋትና ግማሽ ሜትር ጥልቀት የሚያሳልፈው በሰከንድ 2.4 ሜትር ኩብ ነው። በካርታ ላይ ያለው ተፋሰስ 12 ሄክታር ስለሆነ፣ ከዝናቡ ወደ ጎርፍ የሚለወጠው ድርሻ 0.6፣ ዝናቡ በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር ቢሆን 2 ሜትር ኩብ ይመጣል፤ በወረቀት ላይ ይበቃል። ነገር ግን ከላይ ያለው የኮብልስቶን መንገድ ቦይ የሌላውን ሰፈር ጎርፍ ይዞ እዚሁ ይለቃል። እሱ ሲጨመር ተፋሰሱ 25 ሄክታር ይሆናል፣ ጎርፉም በሰከንድ 4.2 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ውሃው በክንፉ ላይ ከፈሰሰ የዳገቱን አፈር በጎን ቆርጦ ያልፍና ክትሩ ደረቅ ላይ ቆሞ ይቀራል። በከተማ የሚፈርሱ ክትሮችን ብናይ ብዙዎቹ የተሰላላቸው በካርታ ድንበር ነው፤ በከተማ ውስጥ ግን የተፋሰሱን ድንበር የሚያሰምረው መንገዱ ነው።

የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ
ትክክል ነው። ማስተንፈሻውን እናስፋ ብንል 7 ሜትር ያስፈልገናል፤ ቦረቦሩ ራሱ 6 ነው። ስለዚህ ክንፎቹን የአንድ ሜትር ሣጥን እናድርጋቸው። ጥልቀቱ 75 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ 4.4 ሜትር ኩብ ያልፋል፣ ሩብ ሜትር ትርፍም ይኖረናል። ዳርቻው ከ2 ሜትር በላይ ጥልቀት በሌለው ቦታ ግን ይህ አይሆንም፤ ሁለቱ የታችኞቹ ክትሮች ከመተከላቸው በፊት ቦታው ይለካ። ድንጋዩ በአንድ ክትር ወደ 22፣ በጠቅላላው ወደ 176 ሜትር ኩብ ከፍ ይላል። 10 በመቶ ብክነት ጨምረን በ16 ሜትር ኩብ ገልባጭ 13 ምልልስ ያዙ።

የእድሮች ተወካይ
ስሌቱን ለእናንተ እንተወዋለን። እኛን የሚያሳስበን ማስተንፈሻውን ሃይላንድና ፌስታል ሲደፍነው ምን እንደሚሆን ነው። በየክትሩ አንድ ሰው ይመደብ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ከከባድ ዝናብ ማግስት ይጥረግ። የልማታዊ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች የሥራ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ወረዳውን መጠየቅ ይቻላል። ሃይላንዱን ቆራሌው ይወስደዋል፤ ፌስታሉን ግን ማንም አይፈልገውም፣ የማስወገጃውን ወጪ ማን እንደሚችል ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ማታ ዝናብ ጠብቆ የሽንት ቤት ጉድጓድ ወደ ቦረቦሩ የሚለቅ ግቢ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ቅጣት ብቻ ከጻፍን ሰው ተደብቆ ይለቃል። እድሮቹ በጋራ ቦቴ ተከራይተው ግንቦት ላይ ሁሉንም በአንድ ዙር ቢያስመጥጡ ይሻላል።

የፍሳሽ አወጋገድ ባለሙያ
ግንቦት መባሉ ጥሩ ነው፤ ክረምት ሲገባ የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ጉድጓዱ ስለሚሰርግ ሐምሌ ላይ የተመጠጠ ጉድጓድ ቶሎ ይሞላል። ችግሩ ሌላ ነው። ቤቶቹ ከመንገዱ በታች ናቸው። የአዲስ አበባ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ በመሆኑ መምጠጫ ፓምፕ በንድፈ ሐሳብ እንኳ ከ8 ሜትር በታች ያለውን ውሃ ማንሳት አይችልም፤ በተግባር ከ5 ሜትር በታች ያለውን ጉድጓድ ቦቴው ትቶት ይሄዳል፣ ዝቃጩ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ያሉት፣ በብዛት የሚለቁት፣ እነዚሁ ናቸው።

መፍትሔው ሁለት ደረጃ ነው። በግቢው ውስጥ ትንሽ የዝቃጭ ፓምፕ ታችኛው ጉድጓድ አጠገብ ይቀመጥና መንገድ ዳር ወዳለ 2,000 ሊትር ሮቶ ይግፋው፣ ቦቴው ከሮቶው ይምጠጥ። መግፋት እንደ መምጠጥ በአየር ግፊት አይወሰንም። ከዚያ በፊት ጨርቅና ሃይላንድ በመንጠቆ ይውጣ፣ የደረቀው ዝቃጭ ውሃ ተጨምሮበት ይበጥበጥ። ይህን በበጀቱ ካላስገባን «ሁሉም ግቢ ይመጠጣል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይሰረዝ።

ስለ ሁለቱ ላቫጆዎችም፦ በሰዓት 10 መኪና በ200 ሊትር ቢያጥቡ 2 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ውሃው አንድ ሰዓት የሚቆይበት ባለሦስት ክፍል የ2 ሜትር ኩብ ማጣሪያ ይበቃል። መውጫ ቱቦው አፉ ወደ ታች ይዙር፣ አለበለዚያ ላይ የተንሳፈፈው ዘይት አብሮ ይወጣል። ደለሉ በየሳምንቱ ካልተዛቀ ማጣሪያው ስም ብቻ ነው።

የተከላ ንዑስ ቡድን
ረቂቁ ላይ «ቬቲቨር በሁሉም ዳርቻ» ተብሏል፤ ቬቲቨር ሥሩ አፈር አጥብቆ የሚይዝ ሣር ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ብርዱ ስለሚያቀጭጨው ለታችኛው ክፍል ብቻ ይሁን። ላይኛው ክፍል ላይ አኻያና የደጋ ቀርከሃ ይሻላሉ። የአኻያው ቁርጥ 60 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሁለት ሦስተኛው ይቀበር። ቬቲቨሩ በ15 ሴንቲ ሜትር ልዩነት በሁለቱም ዳር አንድ አንድ ረድፍ ቢተከል ለ80 ሜትር ወደ 1,070 ችግኝ ይጠይቃል፤ 15 በመቶ መተኪያ ይጨመርበት። የሚተከለው ክትሩ ከተሠራ በኋላ በሐምሌ መጀመሪያ ነው። ቀድሞ ከተተከለ ድንጋይ የሚያራግፈው ገልባጭ ይጨርሰዋል።

ዳርቻውን የያዘው ባሕር ዛፍ በአንድ ጊዜ አይቆረጥ፤ አገር በቀሉ ሥር እስኪይዝ አፈሩን የያዘው የእሱ ሥር ነው። ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ከዳርቻው ራቅ ብለው ይግቡ። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ የሚለቅሙትን እናቶች «መከልከል» የሚለው ቃል ከሰነዱ ይውጣ። ቅጠሉ ተጠርጎ ሲወሰድ መሬቱ ራቁቱን ቀርቶ ጎርፉ እንደሚጨምር እውነት ነው፤ ነገር ግን ለምጣድ የሚሆን ሌላ ነገር ሳይቀርብላቸው የሚሰጥ ትእዛዝ ማንም አያከብረውም። ቦታውን በሦስት ከፍለን በየዓመቱ አንዱን ማሳረፍ ከእነሱ ጋር ተነጋግሮ የሚደረስበት ነገር ነው።

የውሃ ጥራት ክትትል
በአመልካቾች ሠንጠረዡ ላይ «የሟሟ ኦክስጅን በሊትር ከ8 ሚሊ ግራም በላይ» የሚለው ግብ ሊሆን አይችልም። ከመጽሐፍ የተወሰደው የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። በእኛ ከፍታ፣ በ20 ዲግሪ፣ ንጹሕ ውሃ እንኳ የሚይዘው 7 ገደማ ነው። በመቶኛ ሙሌት፣ ማለትም ውሃው ሊይዝ ከሚችለው ስንት በመቶውን እንደያዘ፣ ይጻፍ።

አምስት መለኪያ ነጥብ በቂ ነው። በየነጥቡ ኮንዳክቲቪቲ (የሟሟ ጨው ሲበዛ የሚጨምረው የውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም)፣ ሙቀትና ኦክስጅን ይለካ። ኮንዳክቲቪቲው ከአንዱ ነጥብ ወደ ቀጣዩ በድንገት ከዘለለ በመካከላቸው የተደበቀ ቱቦ አለ፤ የቤት ለቤት ፍተሻውን ከዚያ መጀመር ነው። የባክቴሪያው ናሙና በበረዶ ሣጥን ሆኖ በ6 ሰዓት ውስጥ ቤተ ሙከራ ይድረስ። መነሻ ልኬቱ በጥርና በየካቲት ይሁን፤ ነሐሴ ላይ ጎርፉ ፍሳሹን ስለሚያቀጥነው ወንዙ የተሻለ ይመስላል። ሰዓቱም ሁልጊዜ አንድ ይሁን፣ የጠዋት እጥበትና የከሰዓቱ ውሃ አይነጻጸሩም።

የሕግ ጉዳዮች
እድሮቹ «የፕሮጀክቱ ባለቤት» ተብለው ተጽፈዋል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርና እቁብን አይመለከትም፤ ስለዚህ የእርዳታ ውል የሚፈርመው የተመዘገበው ማኅበራችን ነው፣ እድሮቹ ደግሞ የሥራ ድርሻቸውን በሚዘረዝር የስምምነት ሰነድ ይያያዛሉ። ወረዳው የመሬቱን ጉዳይ በደብዳቤ ሳያረጋግጥ ጋቢዮን አይገዛ።

የማይተባበር ላቫጆ ቢኖር፦ በብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው የግል ጥቅሙን ማሳየት ሳያስፈልገው አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ አለ። ይህ በአባሪ ይግባ፣ በዋናው ጽሑፍ ላይ ግን አይጉላ፤ ሰዎቹን በመጀመሪያ ለማጣሪያው ነው የምንፈልጋቸው።

የእድሮች ተወካይ
ሮቶው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ጎረቤት በጠረኑ ቅር እንዳይለው ከቤት ራቅ ያለ፣ ቦቴው የሚዞርበት ቦታ ያስፈልጋል። ሁለት ቦታ አሉ፤ አንዱ የኮብልስቶኑ ቦይ የሚለቅበት አጠገብ ነው፣ እዚያ ከሞላ በቀጥታ ወደ ቦረቦሩ ይፈሳል። ስለዚህ ሁለተኛውን፣ ከእድሩ ድንኳን ማስቀመጫ ጀርባ ያለውን፣ ለአባላት እናቀርባለን። የወረዳው ደብዳቤ እስኪመጣ የሮቶውን መስመር በሰነዱ ላይ ባዶ ተዉት።