የኦንላይን ሃይስኩል ዲፕሎማ ማጣሪያ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ላይ ለወላጆች ለምንከፍተው የምክር አገልግሎት ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «ወላጅ ለአሜሪካ ኦንላይን ሃይስኩል ከመክፈሉ በፊት ማህበሩ ዕውቅናውን አጣርቶ ማረጋገጫ ይሰጣል።» የጎደለውን ጨምሩ።

መምህር፦ እንዴት እንደሚጣራ ካልተጻፈ ዋጋ የለውም። በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ግርጌ ያለው የዕውቅና አርማ ምስል ነው፤ ማንም ቀድቶ ይለጥፈዋል። ሊንኩንም አንጫን፤ ራሳቸው ወደሠሩት የውሸት ገጽ ሊወስደን ይችላል። የዕውቅና ሰጪውን አድራሻ በእጃችን ጽፈን እንግባ፦ ኮግኒያ፣ ሚድል ስቴትስ ወይም ዋስክ። እዚያ ስሙ ስለተገኘ ብቻ አንርካ። አሜሪካ ውስጥ ሞክሼ ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ከተማው፣ ስቴቱና የድረ ገጹ አድራሻ ፊደል በፊደል ይመሳከር። ዕውቅናው ዛሬም የሚሠራ መሆኑም ይታይ።

አባል፦ በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የአሜሪካ ፌዴራል ትምህርት መሥሪያ ቤት የዕውቅና ዝርዝር ውስጥ ፈልገው ሲያጡ «ሐሰተኛ ነው» ይላሉ። ያ ዝርዝር የኮሌጆችና የዩኒቨርሲቲዎች ነው። የሃይስኩል ጉዳይ የስቴቶች ነው። የስቴት መዝገብም ቢሆን ብቻውን አያስተማምንም፤ ለምሳሌ ፍሎሪዳ ውስጥ የግል ትምህርት ቤት መመዝገቡ ጥራቱ ተፈትሾ ጸደቀ ማለት አይደለም።

ገንዘብ ያዥ፦ ክፍያውም ይግባ። አንድ ጊዜ ተከፍሎ፣ አንድ ፈተና ተወስዶ በቀናት ዲፕሎማ የሚሰጥ ሁሉ ያለ ክርክር ይሰረዝ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2014 እ.ኤ.አ. የከሰሳቸው ሻጮች ለአንድ ዲፕሎማ ከ200 እስከ 300 ዶላር ያስከፍሉ ነበር።

መምህር፦ ልክ ነው። አንድ ክሬዲት በተለምዶ 120 ሰዓት ያህል ትምህርት ነው፤ ብዙ ስቴቶች ለምረቃ ከ20 በላይ ክሬዲት ይጠይቃሉ። የልጁን የ9ኛ፣ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት ሳያይ የሚያስመርቅ ትምህርት ቤት ክሬዲቱን ከየት አመጣው?

የሕግ ክፍል፦ ወላጆች «ውጭ ጉዳይ ማህተም አርጎበታል» እያሉ ይከራከራሉ። ማህተሙ የፊርማውን ትክክለኛነት ይመሰክራል፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ደረጃ የሚለው ነገር የለም። ይህ በደማቁ ይጻፍልን። ደግሞ «ማረጋገጫ ይሰጣል» የሚለው ይውጣልኝ፤ እኛ ዕውቅና ሰጪ አይደለንም፣ ነገ በፊርማችን እንጠየቃለን። የታየው ገጽ፣ ቀኑና ስክሪንሹቱ ለወላጁ ይሰጠው፣ በቃ።

አባል፦ ከክፍያ በፊት ተቀባዩም ይጠየቅ። ልጁ ውጭ የሚያመለክት ከሆነ ዩኒቨርሲቲው ዲፕሎማውን ይቀበል እንደሆነ በኢሜይል በጽሑፍ ይመልስ። አገር ውስጥ ከሆነ ስለ አቻ ግምት የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት አስቀድሞ ይጠየቅ።

ጸሐፊ፦ ተቀብያለሁ። የተሻሻለው፦ «ማህበሩ የዕውቅና ሰጪውን መዝገብ፣ የስቴቱን መዝገብና የተቀባዩን ተቋም የጽሑፍ መልስ ከወላጁ ጋር ያያል፤ ያየውንም ቀን ጠቅሶ በጽሑፍ ይሰጣል። ትምህርት ቤት አይመርጥም፣ ክፍያም አይቀበልም።» የኢንተርኔትና የፕሪንት ወጪው ከየት ይሸፈን የሚለው አልተቆረጠም። ገንዘብ ያዣችን እስከ እሑድ ሐሳብ ያቅርቡልን።