የዕቅድ ውይይት፦ የአባት ቦታ በሕፃናት ጥበቃ መዝገብ

ሰብሳቢ፦ ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር የምናስገባው ረቂቅ ሦስተኛ ክፍል ላይ ደርሰናል። «የአባቶችን ተሳትፎ ማሳደግ» የሚለውን አውጥቼዋለሁ፤ ማንንም አያስገድድም። በምትኩ ምን ይግባ?

የመስክ ባለሙያ፦ የልጁ መዝገብ ከሚሞላበት ቅጽ እንጀምር። ስለ እናት ሙሉ ገጽ ይጠይቃል፣ ስለ አባት «አለ/የለም» ብቻ። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲቀር «የእናት ቸልተኝነት» ተብሎ ይጻፋል፤ ለምክር የምትጠራውም፣ ከቀጠሮ ስትቀር «ተባባሪ አይደለችም» የምትባለውም እሷው ናት። ስለዚህ የአባት ስልክ፣ የቅርብ ዘመዱ ስልክ፣ ቤት የሚገኝበት ሰዓት፣ ቀለብ መስጠት አለመስጠቱ፣ በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ስሙ መኖሩ ይጠየቅ። «የለም» የሚለውም ይከፈል፦ ሞቷል፣ ርቆ ይኖራል፣ ወይስ እኛ አልፈለግነውም? ሦስተኛው ብዙ ፋይል ይሞላል።

የሕግ ክፍል፦ በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) አንቀጽ 219 መሠረት አባትና እናት በጋብቻ ሳሉ የልጆቻቸው አሳዳሪና ሞግዚት በጋራ ናቸው። ይህ ግን ለአዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ አማራ ክልል ለምሳሌ አዋጅ 79/1995። አንዱን ብቻ ከጠቀስን የክልል ቢሮዎች «እኛን አይመለከትም» ብለው ይመልሱታል። የወሊድ ፈቃዱ (በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለአባት 3 ቀን፣ ለእናት 120) አባሪ ላይ ይበቃዋል።

የመጠለያ ባለሙያ (ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ጋር የምትሠራ)፦ እንዲህ ከሆነ አልፈርምም። አባት ከመጠራቱ በፊት እናት ለብቻዋ ትጠየቅ። ተደውሎለት «ባለቤትህ አመልክታ ነበር» ከተባለ ማታውን ምን እንደሚደርስባት አይጠፋችሁም። ጥቃት ካለ ቀጠሯቸው በተለያየ ቀን ይሁን፣ አድራሻዋ እሱ እጅ በሚገባ ወረቀት ላይ አይስፈር፣ ሽማግሌ ልኮ ማስታረቅም የእኛ ሥራ አይሁን። ሆኖም «አደገኛ ነው» ተብሎ ከመዝገቡ አይሰረዝ። ሲሰረዝ ልጁን ከእሱ የመጠበቁ ሸክም እሷ ላይ ይወድቃል፤ ካቃታት ደግሞ ልጅ የሚወሰድባት እሷ ናት።

የመስክ ባለሙያ፦ ልክ ነሽ እህቴ፣ ያ አንደኛ ተራ ላይ ይግባ። ከዚያ ፍለጋው፦ ቢያንስ ሦስት ሙከራ፣ አንዱ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፣ አንዱ እሑድ። የቀን ሠራተኛ ገና ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ይሄዳል፤ በቢሮ ሰዓት ብቻ የሚፈልገው ሰው አያገኘውም። የእያንዳንዱ ሙከራ ቀንና ውጤት ይመዝገብ።

ሰብሳቢ፦ መለኪያውስ? «የተገኙ አባቶች ብዛት» ካልን አበል ያለው ስብሰባ ጠርተው አዳራሽ ሞልተው ሪፖርት ይልኩልናል። እኔ የማስበው፣ አሠራሩ ለ6 ወር ከተሞከረ በኋላ በየወረዳው 40 መዝገብ በዕጣ ይውጣና በእንክብካቤ ዕቅዱ ውስጥ በአባት ስም የተጻፈ ሥራ ያለው ስንቱ እንደሆነ ይታይ። «ማክሰኞ ጤና ጣቢያ ይወስደዋል» ይቆጠራል፤ «ድጋፍ ያደርጋል» አይቆጠርም።

የሕግ ክፍል፦ ጋሼ፣ ጥቃት ያለባቸው መዝገቦች ለብቻ ይቆጠሩ። አለዚያ ባለሙያው ቁጥሩን ለማሳደግ ሲል ለደብዳቢም ልጅ የማመላለስ ሥራ ይጽፍለታል።

ሰብሳቢ፦ ተቀብያለሁ። የደኅንነት ክፍሉን የመጠለያዋ እህታችን ትጻፈው፤ ቅጹን እስከ ዓርብ ላኩልኝ።