ከሚኒሶታ ኮሎራዶ ድረስ ሄዶ ኤልክ ማደን ያዋጣል?

የሴንት ፖሉ፦

ሰላም ለቤቱ። የምኖረው ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። የሥራ ባልደረባዬ አስለምዶኝ አራት ዓመት አጋዘን አድኛለሁ። እዚህ ፈቃዱ ለነዋሪ 34 ዶላር ነው። ጫካው ከቤቴ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ቅዳሜ ሄጄ እሁድ ማታ እመለሳለሁ። ሁለት ጊዜ ቀንቶኝ ሥጋ ይዤ ገብቻለሁ።

አሁን ግን ልቤ ኤልክ ላይ ነው። ላላያችሁት፣ ኤልክ የአጋዘን ዘመድ ነው፣ ትልቁ ወንድ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ሲጮህ ሸለቆው ሁሉ ያስተጋባል። ኮሎራዶ ውስጥ ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ አለ፣ የትኛውም ስቴት ይህን ያህል የለውም። እና ዋጋ ማጣራት ስጀምር ደነገጥኩ። እንደ እኔ ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ሰው የወንድ ኤልክ ፈቃድ ብቻውን ወደ 800 ዶላር ነው። የኮሎራዶ ነዋሪ የሚከፍለው የዚህን አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም። እንስሳው ያው፣ ተራራው ያው። መሬቱም አብዛኛው የፌዴራል ነው፣ እኔም ግብር እከፍልበታለሁ። በዚያ ላይ ደውዬ የጠየቅሁት ጋይድ (አዳኝ እየመራ የሚያሳድን ሰው) ለአምስት ቀን 7,500 ዶላር አለኝ፣ ፈቃዱን ሳይጨምር።

ያለ ጋይድ ብሄድ በጠቅላላ ስንት ያስወጣኛል? ጋይድ የያዘ ሰውስ በእርግጥ የተሻለ አደን ያገኛል? ሌላው ደግሞ አውሮራ፣ ኮሎራዶ ያለ የአክስቴ ልጅ "በእኔ አድራሻ ነዋሪ ነኝ ብለህ ፈቃዱን አውጣ" እያለኝ ነው። ይህን ያደረገ አለ? ባለቤቴም "ሥጋው በእኛ ሥርዓት ይበላል ወይ?" ብላ ጠይቃኛለች፣ ምን ብዬ ልመልስላት?

የአውሮራው፦

ወንድሜ፣ ከአድራሻው ልጀምር። በፍጹም እንዳታደርገው። ኮሎራዶ ለአደን ነዋሪ ለመባል ቢያንስ ስድስት ወር በቋሚነት መኖር አለብህ። መዋሸት ወንጀል ነው። ቅጣቱ ደግሞ ኮሎራዶ ላይ አያበቃም። ስቴቶቹ የጋራ ስምምነት ስላላቸው አንዱ የአደን መብትህን ከነጠቀህ ሌሎቹም ይነጥቁሃል፣ ሚኒሶታ ላይ የምታድነውን አጋዘን ጭምር ታጣለህ። የአክስትህን ልጅም ጣጣ ውስጥ ትከተዋለህ።

ወደ ወጪው ስንመጣ፣ እኔ እዚህ ስኖር አሥር ዓመት አልፎኛል፣ ከሌላ ስቴት የሚመጡ ጓደኞቼን ብዙ ጊዜ ይዤ ወጥቻለሁ። ከአንተ ቤት እስከ ዴንቨር 900 ማይል ገደማ ነው፣ አሥራ ሦስት ሰዓት መንዳት። ከዴንቨር ተራራው ጋ ለመድረስ ደግሞ ሌላ ሦስት አራት ሰዓት ጨምር። በአንድ ፒክ አፕ ደርሶ መልስ ቤንዚን ወደ 350 ዶላር ያስወጣሃል። በብሔራዊ ደኑ ውስጥ ድንኳን መትከል በአብዛኛው ቦታ እስከ 14 ቀን በነፃ ነው። ምግብ፣ በረዶ፣ ሥጋ ቤት ካስቆረጥክ የእሱ ክፍያ፣ ከፈቃዱ ጋር ደምረህ ከ1,700 እስከ 2,200 ዶላር ያዝ። ሦስት ሆናችሁ ከመጣችሁ ቤንዚኑና ምግቡ ይካፈላል፣ ፈቃዱ ግን ለየራስ ነው።

ፈቃዱ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በዕጣ የሚወጣው ነው፣ ማመልከቻው ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ይዘጋል (ወሮቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ሳይወጣልህ ሲቀር ለሚቀጥለው ዕጣ ቅድሚያ የሚሰጥ ፖይንት ይጠራቀምልሃል፣ ጥሩ ጥሩው ቦታ ብዙ ዓመት የተጠራቀመ ፖይንት ይጠይቃል። ሁለተኛው ያለ ዕጣ የሚሸጠው ነው። በቀስት የሚያድኑ የሌላ ስቴት ሰዎች በምዕራቡ ተራራ ያለ ዕጣ ይገዙ ነበር፣ ከ2025 ጀምሮ ግን እሱ ቀርቶ እነሱም ዕጣ ገብተዋል። በጠመንጃ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ወቅት፣ ማለትም ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ላለው፣ የወንድ ኤልክ ፈቃድ በብዙ አካባቢ አሁንም ያለ ዕጣ ይገዛል።

ግን ማንም የሚገዛው ስለሆነ ጫካው በሰው ይሞላል። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት መኪና ማቆሚያው ጢም ይላል። ጥይት ሲጮህ ኤልኩ አጥር ዘሎ የግል መሬት ውስጥ ይገባል፣ አንተ ከዚህ ማዶ ቆመህ በመነጽር ታየዋለህ። በኮሎራዶ ከአምስት አዳኝ አንዱ ቢሳካለት ነው፣ ለጀማሪ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ድምፁን መስማት አምሮህ ከሆነም፣ ወንዱ የሚጮኸው በመስከረም ነው። ጠመንጃ ይዘህ በጥቅምት መጨረሻ ስትመጣ ተራራው ጸጥ ብሎ ነው የሚጠብቅህ።

ቦታው ከፍታ አለው፣ ወደ 3,000 ሜትር። ከእንጦጦ ብዙ አያንስም ማለት ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው "ይህማ ለእኔ ምኔ ነው" ይላል። ሚኒሶታ ዓመታት ከተቀመጡ በኋላ ግን ሳንባ ያንን ይረሳል። ሁለት ቀን ቀድመህ ግባ፣ ውኃ ጠጣ፣ ከአሁኑ ደረጃ እየወጣህ ተለማመድ።

ግሪን ካርድ ብቻ፦

ጥያቄ ልጨምር። ዜግነት የለኝም፣ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ጠመንጃ ይዤ ስቴት ለስቴት መሄድ እችላለሁ?

የአውሮራው፦

ትችላለህ። በፌዴራል ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃ መግዛትም መያዝም ይፈቀድለታል። በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያለ ሰው ነው በመርህ ደረጃ የሚከለከለው፣ እሱም ቢሆን ሕጋዊ የአደን ፈቃድ ካለው ይፈቀድለታል። ወረቀት የሌለው ሰው ጥይት እንኳ መንካት የለበትም። በአውሮፕላን ከሄድክ ጠመንጃው ጥይት የሌለበት፣ ጠንካራ የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር ነው የሚሄደው፣ ቆጣሪው ላይ ታሳውቃለህ። ኮሎራዶ ላይ ከ1949 መባቻ ወዲህ የተወለደ ሁሉ የአዳኝ ትምህርት ማስረጃ ያስፈልገዋል። የሌላ ስቴት ማስረጃም ይሠራል።

የዳላሱ፦

ልጄ፣ ስለ ጋይዱ እኔ ልንገርህ፣ በገንዘቤ የተማርኩት ነው።

ቴክሳስ መሬቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም የግል ነው። አደን እዚህ ባለመሬት ከፍሎ መግባት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዬን ኤልክ ስፈልግ "ከከፈልኩ አገኛለሁ" ብዬ አሰብኩ። 6,800 ዶላር ከፈልኩ፣ ፈቃዱና ጉርሻው ሌላ። ድርጅቱን ስም አልጠራም። በስልክ "አራት አዳኝ ብቻ ነው የምንይዘው" ብለውኝ ነበር፣ ስደርስ አሥራ አንድ ሰው አገኘሁ። የተሰጠኝ ልጅ ለዚያ ተራራ የመጀመሪያ ዓመቱ ነበር። በሦስተኛው ቀን መንገድ ጠፍቶት ጨለማ ውስጥ ሁለት ሰዓት ዞርን። የምናድንበትም መሬት የመንግሥት ነበር፣ ማንም በነፃ የሚገባበት። ባዶ እጄን ዳላስ ተመለስኩ። ያ ገንዘብ የልጄ የኮሌጅ ክፍያ ላይ ሊጨመር ይችል ነበር፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጋይድ ሁሉ እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ቤት ይዤ በግል እርሻ ላይ ሴት ኤልክ አደንኩ፣ ዋጋው ከመጀመሪያው ግማሽ በታች ነበር፣ በሁለተኛው ቀን ጨረስን። ልዩነቱ ምን መሰለህ? ሁለተኛውን ስይዝ ጠይቄ ነው። መሬቱ የማን ነው? ለአንድ ጋይድ ስንት አዳኝ? ባለፈው ዓመት ስንት ሰው መጥቶ ስንቱ አገኘ? ያላገኙትን ሰዎች ስልክ ስጠኝ ብዬም ጠየቅሁ። ያገኘውማ ደስ ብሎት ነው የሚያወራህ፣ ቤቱ ምን እንደሚመስል የሚነግርህ ባዶውን የተመለሰው ነው። ኮሎራዶ ላይ ጋይድ የሚያቀርበው ድርጅት በስቴቱ መመዝገብ ግዴታው ስለሆነ መዝገቡንም አይ። "እርግጠኛ ነኝ ታገኛለህ" ያለህን ሰው ግን ተወው።

ካስፐር፣ ዋዮሚንግ፦

የጋሼን ቃል አክብሬ እኔ ሌላ መንገድ ላሳይ። የመጀመሪያ ጉዞህን ለምን ወንድ ኤልክ ታደርገዋለህ? ዋዮሚንግ ና። ፕሮንግሆርን አለ፣ ሜዳ ላይ የሚሮጥ፣ የፍየል ቁመት ያለው፣ በሰሜን አሜሪካ የሚቀድመው የሌለ። ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ሰው የሴቷና የግልገሏ ፈቃድ 34 ዶላር ነው፣ ጥቃቅን ክፍያዎች ይጨመሩበታል። የሴት ኤልክ ፈቃድ 288 ዶላር ነው። ከኮሎራዶው ወንድ ጋር አወዳድረው። ፕሮንግሆርን ቀኑን ሙሉ ታየዋለህ፣ እየተሳብክ ትጠጋዋለህ፣ ያመልጥሃል፣ እንደገና ትሞክራለህ። በአምስት ቀን ኤልክ ፍለጋ ከምትማረው በላይ በሁለት ቀን ትማራለህ። ከ2022 ወደ 2023 የነበረው ክረምት በምዕራቡ በኩል ብዙ ፈጅቶ ፈቃድ ቀንሰዋል፣ ስለዚህ ወደ ምሥራቁ ተመልከት። እዚያ ግን የግል መሬት ስለሚበዛ ፈቃዱን ሳትገዛ መሬቱን በካርታ አጣራ። ፈቃድ ቀላል የሆነበት ቦታ ብዙ ጊዜ መግቢያ የሌለው ነው።

እዚህ አንድ ሕግ አለ። በፌዴራል ዊልደርነስ ተብሎ በተከለለ ቦታ የሌላ ስቴት ሰው ያለ ጋይድ ወይም ያለ ነዋሪ አጃቢ ትልቅ አውሬ ማደን አይችልም። በእግር መሄድ ይችላል፣ ዓሣ ማጥመድ ይችላል፣ ማደን ብቻ ነው የተከለከለው። ለእኔ ይህ ልክ አይደለም፣ የጋይዶችን ኪስ ለመጠበቅ የወጣ ነው ብዬ ነው የማምነው።

ስለ ዋጋው ፍትሕ ያነሳኸው ግን ፍርድ ያገኘ ነው። በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሞንታና ላይ የቀረበ ክስ አይቷል። የሞንታና ነዋሪ ኤልክ ብቻ ለማደን 9 ዶላር ይከፍል ነበር። የሌላ ስቴት ሰው ግን ሌሎች እንስሳትንም የሚጨምር የ225 ዶላር ፈቃድ ካልገዛ ኤልክ አይነካም። ፍርድ ቤቱ የኤልክ አደን መዝናኛ እንጂ የሰው መተዳደሪያ አይደለም፣ ስቴቱ ማበላለጥ ይችላል ብሎ ወሰነ። መሬቱ የፌዴራል ቢሆንም እንስሳውን የሚያስተዳድረው ስቴቱ ነው። ያ የምትከፍለው 800 ዶላርም ቆጠራውን፣ ጠባቂውን፣ ለእንስሳቱ የሚጠበቀውን መሬት ያኖራል።

የግሪሊዋ፦

ወንድሞቼ ስለ ፈቃድ ብዙ አላችሁ፣ ስለ ሥጋው ግን ዝም። እኔ እዚሁ ኮሎራዶ፣ ግሪሊ ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ሰባት ዓመት ቢላ ይዣለሁ፣ ባለቤቴ ደግሞ በየዓመቱ ያድናል። ጥሩ ኤልክ ተመትቶ በቸልታ ሲበላሽ ማየት ያመኛል።

ከትልቅ ወንድ ኤልክ አጥንቱ ወጥቶ ወደ 90 ወይም 100 ኪሎ ሥጋ ይገኛል። ይህን አስበህበታል? ብቻህን ከሆንክ አራት አምስት ጊዜ ተመላልሰህ በጀርባህ ነው የምታወርደው። መኪናው ሦስት ማይል ርቆ ከሆነ ሁለት ቀን ይፈጃል። ቆዳው ብርድ እንዲችል የተሠራ ስለሆነ ሙቀት ይይዛል፣ ስለዚህ ወዲያው መግፈፍ፣ ሥጋውን መበለት፣ ታፋውን ከአጥንቱ መለየት ያስፈልጋል። ታፋው አጥንቱ አጠገብ ነው ቀድሞ የሚሸተው። አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት አድርጋችሁ ጥላ ላይ ስቀሉት። ፕላስቲክ ውስጥ እንዳትከቱት። የእንስሳው ፆታ የሚታወቅበትን ብልት ከሥጋው ጋር ተያይዞ መተው ደግሞ የኮሎራዶ ሕግ ነው።

በሽታም አለ። እንስሳውን አመንምኖ የሚገድል፣ አንጎልና አከርካሪ ላይ የሚሠራ። መጀመሪያ የታየው እዚሁ አጠገባችን ፎርት ኮሊንስ፣ በ1967 ነው። ወደ ሰው ሲተላለፍ አልታየም፣ ግን የተገኘበትን ሥጋ አትብሉ ተብሏል። ጭንቅላቱን አስመርምሩ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን ለየብቻ አቆዩ። ሚኒሶታ ሙሉ በድን ማስገባት ክልክል ስለሆነ አጥንቱን እዚሁ አውጥተህ ሂድ።

ለባለቤትህ ንገራት፦ ኤልክ ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ ነው፣ ዋላና ሚዳቋ ከሚቆጠሩበት ወገን። የእኔ ባል እንስሳው እንደወደቀ ፈጥኖ ይደርስና በስመ አብ ብሎ አንገቱን ቆርጦ ደሙን ያፈሳል። አብሮት የሚያድነው ሙስሊም ጓደኛው ከመተኮሱ በፊት ቢስሚላህ ይላል። የቀረውን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ሦስተኛው ወቅት ደግሞ ለእኛ ይመቻል፣ ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት ነው የሚያልቀው።

ክትፎ እንዳታምራችሁ፣ የዱር ሥጋ ጥሬውን አይበላም። ጮማ የለውም፣ ስለዚህ ወጡ ቅቤ ይፈልጋል። የኤልክ ቋንጣ ግን፣ በሚጥሚጣና በጨው ታሽቶ እዚህ ደረቅ አየር ላይ የተሰቀለ፣ ከበሬው ይጥመኛል።

የሴንት ፖሉ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአክስቴ ልጅ ደውዬ አድራሻውን እንደማልጠቀም ነገርኩት፣ መጀመሪያ ቅር አለው፣ ኋላ ገባው። ጋሼ፣ የጠየቅሁት ጋይድ ጋ መልሼ ደውዬ መሬቱ የማን እንደሆነ ጠየቅሁት፣ "እንደ ሁኔታው ነው" አለኝ፣ ተውኩት። በዚህ ዓመት ዋዮሚንግ ፕሮንግሆርን አመለክታለሁ፣ ኮሎራዶ ላይ ፖይንት እጀምራለሁ። ባለቤቴ የግሪሊዋን መልስ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቋንጣውን ስንት ቀን ነው የምትሰቅሊው ትላለች።

የግሪሊዋ፦

ቀጭን ከሆነ እዚህ አራት ቀን ይበቃዋል። ሚኒሶታ አየሩ እርጥብ ነው፣ ውጭ አትስቀሉት። ምድጃ ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት፣ በሩን ትንሽ ከፍታ ታድርቀው። ሚጥሚጣ ካነሳት ልላክላት።