ለሦስት ሳምንት የሚመጣ አስተማሪ ለማሳደጊያ ልጆች ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

ጥያቄውን ያነሳችው መምህርት፦
አንድ የሴቶች ልጆች ማሳደጊያ ውስጥ ማታ ማታ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በዚህ ጊዜ ዘጠኝ በጎ ፈቃደኞች መጥተው ሄደዋል፤ ብዙ የቆየው ሁለት ወር ነው። ሁሉም ከቀለማት፣ ከቁጥርና ከሰውነት ክፍሎች ይጀምራሉ፤ ከዚያ ፈቀቅ ሳይሉ የመሄጃቸው ቀን ይደርሳል። ልጆቹ ስማቸውን መናገር ዘጠኝ ጊዜ ተማሩ። ከሳይንስ መጽሐፋቸው አንድ አንቀጽ አንብቦ መረዳት ግን ዛሬም ያቅታቸዋል። አቋሜ ይህ ነው፦ ለሳምንታት ብቻ የሚመጣ ሰው እነዚህ ልጆች ፊት አስተማሪ ሆኖ መቆም የለበትም። የማትስማሙ ካላችሁ እንነጋገር።

በጎ ፈቃደኛ የነበረ፦
እኔ አልስማማም፣ እህቴ። አራት ሳምንት ያስተማርኩበት ቤት አንድም የቋንቋ መምህር አልነበረውም። ስደርስ አፋቸውን ለመክፈት የሚያፍሩት ልጆች ስሄድ ደፍረው ይጠይቁኝ ነበር። እንግሊዝኛ የምትችል ልጅ የሥራ ማስታወቂያ ታነባለች፣ ኢንተርኔት ላይ በራሷ ትማራለች። ቋሚ መምህር እስኪገኝ በሩ ይዘጋ ማለት ጉዳቱን በልጆቹ ላይ መጣል ነው። እኔም የሄድኩት ከልቤ ነው።

መምህርት፦
ልብህን አልጠራጠርም፤ ከሄድክ በኋላ ያለውን ማታ ግን አላየኸውም። አንዷ ተማሪዬ አዲስ ሰው ሲመጣ ከስሙ በፊት የሚሄድበትን ቀን ትጠይቃለች። ስምንት ዓመቷ ነው። በሮማኒያ ዋና ከተማ ቡካሬስት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 በተጀመረው ጥናት ማሳደጊያ ውስጥ ከነበሩ 136 ሕፃናት ግማሾቹ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ እንዲገቡ ተደርጎ ነበር። ገና በጨቅላነታቸው የገቡት በቋንቋም ከሰው ጋር በመቀራረብም እዚያው ከቀሩት በለጡ። እኔ ከዚህ የምረዳው ልጅ ቋንቋ የምትይዘው ከማይለወጥ ሰው መሆኑን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ማሳደጊያ ካሉ ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። እንግዳ ገንዘብ ይዞ በመጣ ቁጥር ልጆችን ከቤተሰብ ነጥቆ ማሳደጊያ መሙላት ንግድ የሆነባቸው ቦታዎች አሉ። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን ከዘመናዊ ባርነት ዓይነቶች አንዱ አድርጋ ተቀብላለች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2019 ከቱሪዝም ጋር የተያያዘ የማሳደጊያ በጎ ፈቃደኝነት የሚያስከትለውን ጉዳት አንስቶ መንግሥታት እርምጃ እንዲወስዱ ጠይቋል።

ማሳደጊያ ያደገች፦
ሁለታችሁም ስለ እኛ ስለምትናገሩ እኔም ልናገር። ከስድስት ዓመቴ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቴ ማሳደጊያ ነው የኖርኩት። እንግሊዝኛችን የእንግዳ መቀበያ ነበር። "እንኳን ደህና መጡ"፣ "እናመሰግናለን"፣ "እንወድዎታለን" እንል ነበር፤ ተሰልፈን፣ በዜማ። "አልፈልግም" የሚለውን ማንም አላስተማረንም። "አትንካኝ"፣ "ፎቶ አታንሳኝ"፣ "ኃላፊዋን ጥራልኝ" የሚሉትንም አላወቅንም። የማናውቀው ሰው ሲያቅፈን በዚያ ቋንቋ የነበረን መልስ ምስጋና ብቻ ነበር። ሴት ልጅን እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው በመጀመሪያው ሳምንት እንቢ ማለትን ያስተምራት። ቀለማቱ ይደርሳሉ።

ከእነዚያ እንግዶች የአንዱም ስም ትዝ አይለኝም። የማስታውሳት የልብስ አጣቢያችንን ልጅ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትማር ስለነበር በየቅዳሜው እናቷን ልትረዳ ስትመጣ የቤት ሥራዋን ከእኛ ጋር ትሠራ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ አልቀረችም። ዛሬ የሚያበላኝ እንግሊዝኛ ከእሷ የያዝኩት ነው።

ሞግዚት፦
ልጆቼ፣ እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ አሥራ አንድ ዓመት ግን ልጆች አሳድጌአለሁ። ዘግይተው ወደ እኛ ከሚመጡት ውስጥ የገዛ ቋንቋቸውን ፊደል ያልቆጠሩ አሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷት ስሟን መጻፍ የማትችል ልጅ ላይ የባዕድ ፊደል ሲጨመርባት አየሁ። አለቀሰች።

መምህርት፦
እውነትዎን ነው፣ እትዬ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ጽሑፍ ልጅ ማንበብ መጀመር ያለበት በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው ብሏል። ጂም ከሚንስ የሚባለው የቋንቋ ምሁር ደግሞ ልጆች በሁለተኛ ቋንቋ ለመነጋገር ሁለት ዓመት ገደማ፣ የክፍል ትምህርት ለመከታተል ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት እንደሚፈጅባቸው አሳይቷል። ታዲያ በሦስት ሳምንት ምን ይሠራል?

በጎ ፈቃደኛ የነበረ፦
የ"አልፈልግም"ን ነገር ሳነብ ብዙ ቆየሁ። እኔም ያስተማርኳቸው መዝሙር ነበር። በአንድ ነገር ግን አልለቅም፦ ከማሳደጊያ ሊወጡ የተቃረቡ ትልልቅ ልጆች ከማያውቁት ሰው ጋር ማውራት መልመድ አለባቸው። ውጭ የሚጠብቃቸው እንግዳ ሰው ነው።

ማሳደጊያ ያደገች፦
ይህ ልክ ነው። ስወጣ በጣም የቸገረኝ እሱ ነበር፤ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ድምፄ ጠፋ።

መምህርት፦
እዚህ ላይ ተሸንፌአለሁ። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ላሉት፣ ማንነቱ የተጣራ ሰው፣ እኔ ወይም ሞግዚቷ ባለንበት፣ ለቃለ መጠይቅ ልምምድ ቢመጣ እቀበላለሁ። ለትንንሾቹ ግን አቋሜ አልተለወጠም። ከሩቅ መርዳት የሚፈልግ ሰው የአውሮፕላን ትኬቱን ገንዘብ ለአንድ የአካባቢ መምህርት ደመወዝ ያድርገው፤ በስልክ እኔን ቢያሠለጥነኝም ደስ ይለኛል፣ አነጋገሬ መታረም ያለበት ቦታ አለ። ነገ ማታ ደግሞ ትልልቆቹን ሰብስቤ ማን እንዲመጣ፣ ምን እንዲያስተምር እንደሚፈልጉ እጠይቃቸዋለሁ። እስካሁን አልጠየቅኋቸውም።