ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ልንገዛ ነው፣ ቦልት ወይስ ቴስላ?

የማታ ሺፍት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እኔ ሆስፒታል ማታ ማታ እሠራለሁ፣ ደርሶ መልስ 24 ማይል ገደማ ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ባለቤቴ በዚያው መኪና ኡበር ይነዳል። የድሮዋ ኮሮላችን ትራንስሚሽኗ አለቀ፣ ለማሠራት የጠሩልን ገንዘብ ከራሷ ዋጋ ይበልጣል። እና ያገለገለ ኤሌክትሪክ እንግዛ ብለናል። በጀታችን ከነታክሱ 20 ሺህ ዶላር ነው፣ ከዚያ በላይ የለንም።

ሁለት መኪና አይተናል። አንዱ የ2021 ሼቪ ቦልት ነው፣ 38 ሺህ ማይል የነዳ፣ ሼቭሮሌት ዲለር ጋር፣ ሰርተፋይድ (ተመርምሮ የተረጋገጠ) ነው ብለው 16,500 ይሉታል። ሌላው የ2021 ቴስላ ሞዴል 3 ነው፣ ትንሹ ባትሪ ያለው፣ 61 ሺህ ማይል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ያገለገሉ መኪኖች ብቻ የሚሸጥ ሰውዬ ጋር። እሱም መስታወቱ ላይ ሰርተፋይድ ብሎ ለጥፏል፣ 18,400።

ባለቤቴ ልቡ ቴስላው ላይ ነው። እኔ ማይሉ በዛብኝ፣ ቦልትን ደግሞ ይቃጠላል ሲሉ ሰምቼ ፈራሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ መንግሥት 4,000 ዶላር ይመልስልሻል አለችኝ። አፓርትመንታችን ቻርጀር የለውም፣ ፓርኪንጋችን አጠገብ ግድግዳው ላይ ግን ተራ ሶኬት አለ። ዲለሩን ምን ልጠይቅ? መኪናው ላይስ ምን ልይ?

የጋራዡ ልጅ፦
እህቴ፣ ዲለር ሰርቪስ ውስጥ ስለምሠራ ከዚያ በኩል ያለውን ልንገርሽ። ሁለቱ ሰርተፊኬቶች እኩል አይደሉም። የሼቭሮሌቱ በአምራቹ ፕሮግራም የተሰጠ ከሆነ መኪናው በተቀመጠ ዝርዝር ይመረመራል፣ ተጨማሪ ዋራንቲም ይገባለታል፣ ያንን ይዘሽ ሌላ ስቴት ያለ የሼቭሮሌት ዲለር ብትሄጂም ይሠራልሻል። የቨርጂኒያው ሰውዬ የለጠፈው ግን የራሱ ወረቀት ነው። መኪናው ነገ ቢቆም የምትደውዪው ወይ ለሱ ነው ወይ ዋራንቲውን ለሸጠለት ሌላ ድርጅት ነው። እነሱ ደግሞ ለመክፈል ሲሮጡ አላየሁም።

መስታወቱ ላይ ሌላ ወረቀት አለ፣ ባየርስ ጋይድ ይባላል። ዲለር ያገለገለ መኪና ሲሸጥ እንዲለጥፈው የፌዴራል ደንብ ያስገድዳል። እዚያ ላይ «አዝ ኢዝ» የሚለው ሳጥን ምልክት ካለው ሻጩ ምንም ዋስትና አልሰጠሽም ማለት ነው፣ በአፉ የፈለገውን ይበል። በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

የቴስላው የባትሪ ዋራንቲ ግን የሰውዬው ስላልሆነ አይጠፋም፣ ከመኪናው ጋር ወዳንቺ ይዞራል። ለዚያ ሞዴል 8 ዓመት ወይም 100 ሺህ ማይል ነው፣ ቀድሞ የሞላው። ስለዚህ 39 ሺህ ማይል ይቀርሻል። ኡበር የሚነዳ ሰው እሱን ቶሎ ይጨርሰዋል። ዓመቱ ደግሞ የሚቆጠረው መኪናው መጀመሪያ ለሰው ከተሸጠበት ቀን ነው። የ2021 ሞዴል ሆኖ በ2020 መጨረሻ የተሸጠ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ቀኑን በጽሑፍ ጠይቂ።

ሌላው ሰው የማያየው ነገር፣ ዋራንቲው ለአቅም መቀነስ የሚከፍለው ባትሪው ከ70% በታች ሲወርድ ነው። ያ ቴስላ አዲስ ሳለ 263 ማይል ይሄድ ነበር። ወደ 190 ቢወርድብሽ እንኳ አሁንም ጤነኛ ነው ብለው ይመልሱሻል።

አባ ቁጥብ፦
ልጄ፣ 4,000 ዶላሩን እርሺው። ነበረ፣ ዋጋው ከ25,000 ላልበለጠ ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና ከዲለር ሲገዛ ይሰጥ ነበር። ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 በኋላ ለሚገዛ መኪና ግን ቀርቷል። አሁንም «ከታክስ ይመለስልሻል» ብሎ ዋጋ የሚያሰላልሽ ሻጭ ካለ ሌላውም ወሬው እንደዚያው ነው።

የኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ ያገለገለ ሃይብሪድ (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ) ግዙ። ቻርጀር በሌለው አፓርትመንት ኤሌክትሪክ መኪና መያዝ ምን የሚሉት ጣጣ ነው?

የማታ ሺፍት፦
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ስለ 4,000ው ባይነግሩኝ ኖሮ በጀቱን በሱ ላሰላ ነበር። ሃይብሪዱን አይተነዋል፣ ጥሩ የሆነው ሁሉ ከአቅማችን በላይ ሆነብን። ተራው ሶኬት አይበቃም ማለትዎ ነው?

ሜትር አንባቢ፦
ላንቺ ሥራ ይበቃል፣ ለኡበሩ አይበቃም። ተራ የ120 ቮልት ሶኬት በሰዓት 4 ማይል ገደማ ነው የሚሞላው። ጠዋት ገብተሽ ሰክተሽ ብትተኚ፣ ማታ እስክትወጪ 10 ሰዓት ቢሰካ 40 ማይል አገኘሽ፣ የምትነጂው 24 ነው። አለቀ። ቦልት ግን አንድ አመል አለው፣ ተራ ሶኬት ላይ ሲሰካ በራሱ 8 አምፒር ላይ ይጀምራል። ስክሪኑ ላይ ወደ 12 ካልቀየርሽው ሲሞላ ይውላል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ መኪናውን ይራገማል።

ከመግዛትሽ በፊት የሕንፃውን ማኔጅመንት አስፈቅጂ፣ በጽሑፍ። ሶኬቱ ከምን ጋር በአንድ መስመር እንዳለም ጠይቂ፤ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ በዚያው መስመር ከሆነ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ከጎረቤት ጋርም ያጣላሻል። የላላ ወይም የተቃጠለ ሶኬት ላይ አትሰኪ። ቀጭን የማራዘሚያ ገመድ ደግሞ በፍጹም፣ ለሰዓታት ሲስብ ይግላል፣ እሳት የሚነሳው እንደዚያ ነው።

እና የኋላውን የዕቃ መጫኛ ከፍተሽ የቻርጅ ገመዱ መኖሩን እዪ። ያገለገለ መኪና ሲዞር ሲዞር ገመዱ የሆነ ቦታ ይቀራል፣ ለብቻው ስትገዢው ደግሞ ርካሽ አይደለም።

ሌሊት በኡበር፦
እኔ አሌክሳንድሪያ ነኝ፣ የምኖረው በዚሁ ሥራ ነው። ባለቤትሽ ልክ ነው አልልም ግን ስሜቱ ይገባኛል። የቦልት ትልቁ ችግር እሳቱ አይደለም፣ ፈጣን ቻርጀር ላይ መንቀርፈፉ ነው። ከ55 ኪሎዋት በላይ አይወስድም፣ ሞዴል 3 የዚያን እጥፍ በላይ ይወስዳል። እዚህ ቨርጂኒያ ደለስ ኤርፖርት ሰው አድርሰህ 20 ደቂቃ ሰክተህ መመለስ የሚባል ነገር በቦልት የለም። ከአንድ ሰዓት በላይ ቁጭ ነው።

ግን ስንት ማይል ነው የሚነዳው? ቅዳሜ 130፣ እሁድ 130 ከሆነ ቦልት አዲስ ሳለ 259 ማይል ነበር፣ ሞልቶ ከወጣ ቅዳሜን ያለ ቻርጅ ይጨርሳል። ሌሊት ግድግዳው ላይ 40 ይጨምራል። እሁድ አንድ ጊዜ ፈጣን ቻርጀር ቢሄድ ነው፣ ክረምት ምናልባት ሁለቴ። ፈጣን ቻርጀር ደግሞ ከቤት መብራት እጥፍና ከዚያ በላይ ነው ዋጋው፣ ይህን ሳያሰሉ «ጋዝ ተገላገልኩ» የሚሉ አሉ።

አሁን ዋናው ነገር። የ2021 ቦልት ሁሉ ፈጣን ቻርጅ አይችልም! ያኔ ለብቻው የሚከፈልበት ተጨማሪ ነበር፣ ሳይገባላቸው የተሸጡ አሉ። የቻርጁን ክዳን ክፈቺና እዪ። ከላይ ክቡ ሶኬት አለ፣ ከሥሩ ሁለት ትልልቅ ቀዳዳዎች ከሌሉ ፈጣን ቻርጅ የለውም። ከሌለው ለኡበር እርሱት።

ሰርተፋይድ ዋራንቲውንም አንብቡ። ብዙዎቹ መኪናው ለንግድ ከዋለ አንከፍልም የሚል መስመር አላቸው፣ ኡበርን በስሙ የሚጠሩም አሉ። እዚያ ዲለር ቢሮ ውስጥ ሳትፈርሙ «ይህ መስመር የት ነው? አሳዩኝ» በያቸው። ኢንሹራንሱም እንደዚያው፣ ተራ ፖሊሲ ኡበር ላይ ሳለ የደረሰ አደጋ አይከፍልም፣ ተጨማሪ ማስገባት አለባችሁ።

የጋራዡ ልጅ፦
ሌሊት በኡበር፣ የቀዳዳውን ነገር ስላነሳኸው ተባረክ፣ ልጽፈው ነበር።

ስለ እሳቱ ደግሞ፦ ከ2017 እስከ 2022 ያሉ ቦልቶች በሙሉ ሪኮል ተደርገዋል (አምራቹ ጉድለታቸውን በነፃ ሊያስተካክል ጠርቷቸዋል)፣ ምክንያቱ የባትሪው ሴሎች ሲመረቱ የገባ ጉድለት ነው። ብዙዎቹ ባትሪያቸው በአዲስ ተተክቷል። ከ2020 ወዲህ ካሉት ውስጥ ግን ባትሪ ሳይቀየርላቸው ሶፍትዌር ብቻ የተጫነላቸው አሉ፣ እሱ ለ6,200 ማይል ያህል ቻርጁን 80% ላይ ይዞ ባትሪውን ይከታተላል፣ ችግር ካላገኘ ወደ 100% ይለቀዋል። ያንቺ ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሼቭሮሌት ሰርቪስ በቪን ቁጥሩ (በመኪናው መለያ) ያወጣልሻል። 17 ፊደልና ቁጥር ነው፣ ዳሽቦርዱ ላይ በመስታወቱ በኩል ይታያል። በዚያው ቁጥር የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ያልተሠራ ሪኮል መኖሩን በነፃ ታያለሽ።

ባትሪው ተቀይሮ ከሆነ ለኔ ፍርሃት ሳይሆን ዕድል ነው። የተቀየረው ባትሪ ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ የራሱ 8 ዓመት ወይም 100 ሺህ ማይል ዋራንቲ አለው። 38 ሺህ ማይል በነዳ መኪና ውስጥ ያልደከመ ባትሪ ገዛሽ ማለት ነው። ሰው እሳቱን ሰምቶ ስለሚሸሽ ዋጋው ወርዷል፣ እኔ ብሆን እሱን ነበር የምገዛው።

የባትሪውን ጤና የሚያሳይ ሪፖርት አትመው እንዲሰጡሽ ጠይቂ። የሰርተፋይድ ምርመራው ወረቀት ስለ ጎማና ፍሬን ገጽ ሙሉ ይጽፋል፣ ስለ ባትሪው አቅም አንዳንዴ አንድ ቃል የለውም፣ የኤሌክትሪክ መኪና ከሁሉ ውዱ ክፍሉ ባትሪው ሆኖ ሳለ! እምቢ ካሉ ራስሽ አስይው። 100% ሞልተው እንዲያስረክቡሽ አድርጊ፣ ረዘም አድርገሽ ንጂው። ቦልት ከሞላ በኋላ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደበላ ስክሪኑ ላይ ያሳያል። 40% ወርዶ 24 ከበላ፣ ሙሉው 60 ነው። አዲስ ሳለ 65 ገደማ ነበር። የሚያሳየውን ቀሪ ማይል ግን አትመኚ፣ የቀድሞው ሹፌር እንዴት ይነዳ እንደነበር እያየ የሚገምተው ነው።

የሚኒሶታው፦
ሜሪላንድ እንደኛ አትበርድም ግን ትበርዳለች። ሂተር ሲከፈት ባትሪው ይበላል። የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር ትሪፕል ኤ በ2019 የተወሰኑ ሞዴሎችን ሞክሮ፣ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ከነሂተሩ ርቀታቸው በአማካይ 41% ቀንሶ አገኘው። ባለቤትሽ ጃንዋሪ ላይ ተሳፋሪ ይዞ ሂተር ዝጉ ሊል አይችልም፣ ተሳፋሪው የሚሰጠው ኮከብ ይቀንሳል። የመቀመጫና የመሪ ማሞቂያ ያለውን ምረጡ፣ እሱ ትንሽ ነው የሚበላው። ደግሞ ገና ሰክታችሁ ሳለ መኪናውን አሙቁት።

ከቦሌ፦
እኅቴ፣ ከመንገድ አወጣኋችሁ ይቅርታ። ያንን ቦልት ገዝቼ ወደ አዲስ አበባ ባስመጣው ያዋጣል? እዚህ የቤንዚን መኪና ማስገባት ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ስለቀረ ሁሉም ኤሌክትሪክ ሆኗል።

ሜትር አንባቢ፦
ከቦሌ፣ የአሜሪካው መኪና ሶኬቱ ሌላ ነው። እናንተ ጋ የሚበዛው የቻይና መኪና ስለሆነ ቻርጀሩም በቻይናው ሶኬት ነው። ቤትህ በ220 ትሞላለህ እንበል፣ ሪኮል ወይም ሶፍትዌር ሲመጣ ግን ማን ይሠራልሃል? እዚያው የሚጠገነውን ግዛ።

የማታ ሺፍት፦
ዛሬ ሁለቱም ጋ ደወልኩ። ሼቭሮሌቶቹ ሪከርዱን በኢሜይል ላኩልኝ፣ ባትሪው በ2022 ተቀይሯል። ቀዳዳዎቹም አሉ፣ ፎቶ አንስተው ላኩ። የባትሪ ሪፖርቱን «እናያለን» አሉ። የቨርጂኒያው ሰውዬ 100% ሙላልኝ ስለው «ባትሪ ይጎዳል» አለኝ፣ መጀመሪያ የገዛው ማን ነው ስለውም የኪራይ ድርጅት ነበረ አለ። ባለቤቴ አሁንም ኪራይ ቢሆን ምን አለበት ይላል። ቅዳሜ ሼቭሮሌት ጋ እንሄዳለን።

የጋራዡ ልጅ፦
አንድ ቀን 100% መሙላት ባትሪ አይጎዳም። ሞልቶ ለቀናት ማቆም ነው ጥሩ ያልሆነው።

የኪራይ መሆኑ ብቻውን ኃጢአት አይደለም፣ የመኪና ኪራይ ድርጅቱ ኸርዝ ራሱ በ2024 መጀመሪያ 20 ሺህ ገደማ ኤሌክትሪክ መኪኖች እሸጣለሁ ብሎ ገበያውን አጥለቅልቆታል፣ ከነሱ ውስጥ ደህና መኪና ያገኙ አሉ። ግን የኪራይ መኪና ፈጣን ቻርጀር ላይ ብዙ ይውላል፣ ይጋጫል፣ ይጠገናል። ምርመራ ከልክሎ ኪራይ ነው ካለሽ እኔ አልመለስበትም።

አባ ቁጥብ፦
እሺ፣ ሃይብሪዱን ትቼዋለሁ። ቅዳሜ ስትሄዱ ብድሩን ከክሬዲት ዩኒየን (ከቁጠባና ብድር ማኅበር) አስቀድማችሁ አስፈቅዱና ሂዱ፣ ዲለሩ ከዚያ ያነሰ ወለድ ካመጣ የዲለሩን ውሰዱ። የመጨረሻዋ ቢሮ ውስጥ የቀለም መከላከያ፣ የጎማ ዋስትና፣ የማይታወቅ ፓኬጅ ይደረድሩላችኋል፣ በወር 18 ዶላር ብቻ ነው እያሉ። በወር አትስሙ፣ ጠቅላላውን ጠይቁ። ሜሪላንድ ለኤሌክትሪክ መኪና ሬጅስትሬሽን ላይ ተጨማሪ ክፍያ አላት፣ እሱንም በጀቱ ውስጥ አስገቡት።

ሌሊት በኡበር፦
ኢንሹራንሱን ከመፈረማችሁ በፊት ደውላችሁ ዋጋ አስወጡ፣ ቪኑን ስጧቸው፣ ኡበር እንደሚነዳም ንገሯቸው። ባለቤትሽ ቅዳሜ ከሙከራው በኋላ ካላመነ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ጓደኛዬ ቦልት ይነዳል፣ አንድ ማታ አብሮት ወጥቶ ይየው።